ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ፤ የጦር አዛዥና የልጆች አባት

ስለ ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ የተጻፈውንና የሚነገረውን ስንመረምር ሁለት ሰዎች እናገኛለን። አንደኛው በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ጦር ግንባር የበላይ አዛዥነትን ይዘው በተምቤን የተዋጉትና የተሸነፉት የጦር አለቃ ናቸው። የእኒህኛው ታሪክ በብዛት የሚገኘው ስለ ጦርነቱ በተጻፉት የውጭ አገር መጻሕፍት ነው። ሁለተኛው ሦስት ልጆቻቸውን በአንድ ወር ውስጥ ጠላት የገደለባቸው አባት ናቸው። የእኒህኛው ታሪክ በሰው አፍ ይነገራል፣ በለቅሶ ቤት ይነሣል፣ በመጻሕፍት ግን ከጥቂት መስመር አያልፍም። የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች ቤተ ሰቡን ለዘር ቆጣሪዎች ይተዉታል፤ ዘር ቆጣሪዎቹም በበኩላቸው ጦርነቱን በአንድ ቃል «ዘመቱ» ብለው ያልፉታል።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው እኒህን ሁለት ሰዎች ወደ አንድ ለመመለስ ነው። እንዲህ ያልንበት ምክንያት አለን። ራስ ካሣ በኖሩበት ዘመን የመኳንንት ጦር ማለት የመኳንንት ቤት ማለት ነበር። ቤቱን ለይቶ ጦሩን፣ ጦሩን ለይቶ ቤቱን ለመረዳት የሚሞክር ሰው ሁለቱንም ሳያገኝ ይቀራል። የተምቤን ውጊያ የሁለት አማቾች ውጊያ መሆኑን፣ የፍቼው ግድያም የተምቤን ውጊያ ተከታይ መሆኑን ሳያስተውል ያልፋል።

ከትውልዳቸው እንጀምር። ራስ ካሣ የተወለዱት በ1873 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ኪሮስ ከላስታ ባላባቶች ወገን ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ትሰሜ የራስ ዳርጌ ልጅ ናቸው። ራስ ዳርጌ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የዳግማዊ ምኒልክ አጎት፣ ከምኒልክም ጋር በመቅደላ የታሰሩ፣ ኋላም ሰላሌን ይዘው ከምኒልክ መንግሥት ታላላቅ ምሰሶዎች አንዱ የነበሩ ሰው ናቸው። ምኒልክ ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ሸዋን እንዲጠብቁ የተዉት ለእርሳቸው ነበር። ካሣ የወረሱት እንግዲህ ይህን የሰላሌን ቤት ነው፤ መናገሻውም ፍቼ ነበረች።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንፈልጋለን። ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ተፈሪ መኰንንም ከሣህለ ሥላሴ የሚወለዱት በአያታቸው በወይዘሮ ተናኘ ወርቅ በኩል ነው። ስለዚህ ሁለቱም የሣህለ ሥላሴን ደም ያገኙት በሴት ወገን ነው፤ ካሣ በእናታቸው፣ ተፈሪ በአባታቸው እናት። የትውልድን ደረጃ ብቻ ለሚቆጥር ሰው የካሣ መብት ከተፈሪ መብት የሚያንስ አልነበረም። በአባታቸው በኩል ደግሞ የላስታው ቤት ክብር ነበራቸው። ሆኖም ራስ ካሣ ዙፋኑን አልጠየቁም። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ከሸዋ መኳንንት ጋር ቆሙ፤ ጥቅምት 17 ቀንም ንጉሥ ሚካኤል በተማረኩበት በሰገሌ ጦርነት ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጋር ተሰለፉ። ከዚያ ወዲያ አርባ ዓመት ሙሉ ከአንድ ሰው ጎን አልተለዩም። ይህ ታማኝነት የመጣው ከጠባያቸው ነው ወይስ ከፖለቲካ ስሌት ብለው የሚከራከሩ አሉ። እኛ ክርክሩ ብዙ ፍሬ ያለው አይመስለንም። አንድ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ ሲያሰላ ሊኖር አይችልምና።

የመኳንንት ጦር የመኳንንት ቤት ነበር ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ በጥቂቱ እናስረዳ። በዚያ ዘመን ወታደር የሚከተለው መንግሥትን ሳይሆን ጌታውን ነበር። የሚኖረው ጌታው በሰጠው መሬት ነው፤ ግብር የሚበላው በጌታው አዳራሽ ነው፤ ክተት ሲታወጅ ስንቁን በአህያ ጭኖ፣ ሚስቱን ወይም ገረዱን እንጀራ ጋጋሪ አድርጎ የሚወጣው ከጌታው ሰንደቅ በስተኋላ ነው። ጌታው ከሞተ ጦሩ ይበተናል። ስለዚህ አንድ ራስ ጦሩን ከፍሎ ግማሹን ወደ ሌላ አቅጣጫ ለመስደድ ሲፈልግ ክፍሉን የሚያስይዘው ወታደሩ እንደ እርሱ አድርጎ ለሚያየው ሰው ነው፤ ይኸውም ለልጁ፣ ለወንድሙ ወይም ለአማቹ። ልጅን በግንባር ማሰለፍ የአባት ጭካኔ ወይም የአባት ኩራት ብቻ አልነበረም፤ ጦሩ የሚሠራበት መንገድ ነበር። በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ በስዊድን መኮንኖች አማካይነት ወጣቶች መሠልጠን የጀመሩት ጦርነቱ ሊነሣ ጥቂት ሲቀረው ነው። ክቡር ዘበኛ በአዲስ ሥርዓት ተደራጅቶ ነበር፤ ነገር ግን ቍጥሩ ጥቂት ነበር። የቀረው ሠራዊት ሁሉ የዘመተው በአሮጌው ሥርዓት ነው።

ራስ ካሣ ከወይዘሮ ጽጌ ማርያም በሻህ የወለዷቸው፣ ስማቸው በታሪክ የታወቀ አራት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ወንድወሰን፣ አበራ፣ አስፋ ወሰንና አሥራተ። ሴቶች ልጆችም ነበሯቸው። ራስ ጉግሣ ወሌ በ1922 ዓ.ም. በአንችም ከሞቱ በኋላ የበጌምድር ግዛት ወደ ራስ ካሣ ሲዛወር ደብረ ታቦር ላይ የተቀመጡት ደጃዝማች ወንድወሰን ናቸው። ሰላሌና ፍቼ በደጃዝማች አበራ እጅ ነበር። አበራ ደግሞ የትግሬውን የራስ ሥዩም መንገሻን ልጅ ወይዘሮ ከበደች ሥዩምን አግብተዋል። በዚህ ዓይነት ከሸዋ እስከ ትግሬ የሚደርስ አንድ የቤተ ሰብ ሰንሰለት ተዘርግቶ ነበር። ሰንሰለቱ ያላስደሰታቸውም ሰዎች ነበሩ። ደጃዝማች አያሌው ብሩ በጌምድር ለራስ ካሣ ልጅ መሰጠቱን እንደ በደል እንደቆጠሩት የታወቀ ነው። ይህ ቅያሜ በጦርነቱ ጊዜ ምን ያህል ጎዳን የሚለው ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።

ወደ ጦርነቱ ከመግባታችን በፊት ሳናነሣው የማናልፈው አንድ ነገር ቀርቷል። ልጅ ኢያሱ በ1913 ዓ.ም. ከተያዙ በኋላ በግዞት የተቀመጡት በፍቼ፣ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ያህል እዚያ ኖሩ። በ1924 ዓ.ም. አምልጠው ጥቂት ቆይተው ተያዙ። በማምለጡ ነገር እጃቸው አለበት ተብለው የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ተፈርዶባቸው ታሰሩ፤ ግዛታቸውንም አጡ። ራስ ኃይሉ ከራስ ካሣ ቤት ጋር ሁለተኛ የሚገናኙበት ቀን ይመጣል።

ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግራ ወረረች። ጥቅምት 28 ቀን መቀሌ ተያዘች። የራስ ካሣ ጦር ከሰላሌ፣ ከበጌምድርና ከላስታ ተሰብስቦ፣ ያን ሁሉ አገር በእግሩ አቋርጦ ወደ ተምቤን ደረሰና ከራስ ሥዩም ጦር ጋር ተገናኘ። ከዚያ ቀደም ብሎ የትግሬውን ጦር ይዘው ጠላትን ብቻቸውን የተቋቋሙት ራስ ሥዩም ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ራስ ካሣን በሰሜን ግንባር ላይ የበላይ አዛዥ አደረጓቸው። ስለሆነም ከእርሳቸው በስተቀኝ በእንደርታ በኩል የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ ይገዙ፣ በዕድሜ ይበልጧቸው የነበሩት፣ በትእዛዛቸው ሥር ዋሉ። ይህን ሹመት ሽማግሌው የጦር ሚኒስትር በደስታ ተቀብለውታል ለማለት ያስቸግራል።

ራስ ካሣ በዚያን ጊዜ ሃምሳ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጠልቀው ያወቁ፣ ጾምና ጸሎት የሚያዘወትሩ ሰው ነበሩ። አንዳንድ የውጭ አገር ጸሐፊዎች ይህን ይዘው «ለጦር ሳይሆን ለቤተ ክህነት የተፈጠሩ ነበሩ» የሚል አሳብ ያላቸውን ፍርድ ይሰጣሉ። ፍርዱ ለእኛ የችኮላ ይመስለናል። የመጀመሪያው የተምቤን ውጊያ የተጀመረው ጥር 11 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት ነው። ባዶልዮ ቀድሞ ለመምታት ብሎ ጦሩን አስወጣ። በማግስቱ ከወርሴጌ ማለፊያ፣ ኢጣሊያኖች «ዋሪዩ» ከሚሉት በር የወጣውን የጥቁር ሸሚዝ ጦር የኢትዮጵያ ወታደሮች መትተው ወደ ምሽጉ መለሱትና ከበቡት። ውኃና ጥይት እስኪቸግረው ድረስ እስከ ጥር 15 ቀን ተከቦ ቆየ። በመቀሌ የነበረው ባዶልዮ ከተማይቱን ለቅቆ የሚወጣበትን ዕቅድ እስከ ማዘጋጀት መድረሱን የራሳቸው የኢጣሊያኖች ጽሑፍ ያስረዳል። መድፍ ሳይኖር፣ አውሮፕላን ሳይኖር፣ ይህን ያህል ያስጨነቀ አዛዥ የጦርን ሥራ አያውቅም ለማለት እንዴት እንደሚቻል አይገባንም።

ከበባው የፈረሰው የተከበቡትን ለመርዳት የመጣ ጦር በመድረሱ ብቻ አልነበረም። አውሮፕላኖች የመርዝ ጢስ፣ ይኸውም ኢፔሪት የሚባለውን፣ በወታደሩና በወንዙ ላይ አፈሰሱ። ይህ መርዝ ሲነካ ወዲያው አይገድልም፤ ቆዳን ይልጣል፣ ዓይንን ያጠፋል፣ የተነካውን ውኃ የጠጣ ሰውና ከብት ይታመማል። በባዶ እግሩ የሚሄድ ወታደር በተመረዘ ሣር ላይ ሲራመድ እግሩ ይላጣል። የቤት አባት የሆነ የጦር አለቃ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚገጥመውን ችግር አስቡ። ከርሱ ጋር ያለው ጦር ከሠፈሩ የመጣ፣ በስሙ የሚያውቀው፣ ክርስትና ያነሣለት፣ ያጋባው ሰው ነው። የገዛ ልጆቹም በዚያው ሜዳ ላይ አሉ።

የካቲት ላይ ኢጣሊያኖች በአምባ አራዶም የራስ ሙሉጌታን ጦር ሰበሩ። የራስ ሙሉጌታ መጨረሻ ለዚህ ጽሑፍ አሳብ የቀረበ ስለሆነ ጥቂት እንቆምበታለን። ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ ልጃቸው ከኋላ መገደሉን ሰሙ፤ ወደ ልጃቸው ተመለሱ፤ እዚያው ተገደሉ። የጦርን ሥርዓት ለሚያስተምር ሰው ይህ ስሕተት ነው። የተሸነፈ የጦር ሚኒስትር ነፍሱን አትርፎ የተበተነውን ጦር መሰብሰብ ይገባው ነበር። ግን ያ ጦር የቤት ጦር ነበር ብለናል። የልጁን ሬሳ ትቶ የሄደ ጌታ ወታደሩን በምን ቃል ሊሰበስብ ይችላል?

የሙሉጌታ ጦር ሲሰበር የራስ ካሣና የራስ ሥዩም ቀኝ ጎን ባዶ ሆነ። ከየካቲት 19 እስከ 21 ቀን ሁለተኛው የተምቤን ውጊያ ተደረገ። በመጀመሪያው ሌሊት ተራራ መውጣት የለመዱ የኢጣልያ ወታደሮች ወርቅ አምባን በጨለማ ወጥተው ያዙ። አምባው ከተያዘ በኋላ የነበረው ተጋድሎ የሚያሳፍር ባይሆንም ውጤቱ የተወሰነ ነበር። ሁለቱ አማቾች ከመከበብ በጥቂት ሰው አምልጠው ወደ ኮረም፣ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ሠፈር ደረሱ። ኮሎኔል ኮኖቫሎቭ የሚባል ሩሲያዊ መኮንን በተምቤን አብሯቸው ስለ ነበረ ያየውን ጽፎ ትቷል። ራስ ካሣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በሽቦ አልባ ቴሌግራፍ የሚለዋወጡትን መልእክት ጠላት ይጠልፈው እንደ ነበር ኋላ ታውቋል። አዛዡ ሲነጋገር የሚሰማው ጠላት ስለ ራሱ ብልኅነት ብዙ ቢጽፍ አያስደንቀንም።

መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ራስ ካሣ እንደገና ከአዛዦቹ አንዱ ሆነው ተዋጉ። ከዚያ በኋላ ያለው በሰፊው የታወቀ ነው፤ የአሸንጌ ሜዳ እልቂት፣ የንጉሠ ነገሥቱ ወደ ላሊበላ ማቅናት፣ ሚያዝያ 22 ቀን አዲስ አበባ መድረስ። በመኳንንቱ ምክር ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጄኔቭ ሄደው አቤት ይበሉ የሚለው አሳብ አሸነፈ። ራስ ካሣም ከዚሁ ወገን ነበሩ። ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ አብረው ሄዱ።

ሦስቱ ታላላቅ ልጆቻቸው ግን አልሄዱም። ወንድወሰን በላስታ፣ አበራና አስፋ ወሰን በሰላሌ ቀሩ።

በዚህ ነገር ላይ በራስ ካሣ የሚፈርዱ አሉ። አባት ወጥቶ ልጅን ለእሳት መተው አይገባም ይላሉ። እኛ እንደሚመስለን ነገሩን መመልከት የሚገባው ከላይ በተናገርነው ሥርዓት ነው። ቤቱ ሁሉ ቢወጣ ኖሮ ሰላሌ ያለ ጌታ ይቀር ነበር፤ ያለ ጌታ የቀረ አገር ደግሞ በዚያ ዘመን ለመጣው ሁሉ ያድራል። ልጆቹ የቀሩት ቤቱ በአገሩ ላይ እንዲቆም ነው። ይህ ግን አባትየው በኋላ ያለቀሱትን ለቅሶ የሚያሳንስ አይደለም።

ደጃዝማች አበራም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሲበላሽ፣ ጠላት ከባቡሩ በስተቀር መገናኛ ሲያጣ፣ አርበኞች አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ለመውጋት ተማከሩ። ፍቼ የዚህ ምክር ዋና ማዕከል ነበረች። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማይቱ ተወጋች። የአበራና የአስፋ ወሰን ጦር ገባ፤ አቡነ ጴጥሮስም አብረው ነበሩ። ነገር ግን ዝናቡና የወንዙ ሙላት ጦሮቹ በአንድ ጊዜ እንዳይደርሱ ከለከላቸው። እያንዳንዱ ጦር ለየብቻው ተመታ። አቡነ ጴጥሮስ ተይዘው በማግስቱ ሐምሌ 22 ቀን በጥይት ተደበደቡ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጠላት ወደ ሰሜን ተነሣ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ደጃዝማች ወንድወሰን ካሣ በላስታ ተይዘው ተገደሉ። ጄኔራል ትራኪያም ወደ ፍቼ ዘመተ። በዚህ ጊዜ ለእርቅ የገቡት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ራስ ኃይሉ በጦርነቱ ማለቂያ ከእስራት ወጥተው ለኢጣልያ አድረው ነበር። አበራና አስፋ ወሰን እጃቸውን ቢሰጡ ሕይወታቸው እንደሚተርፍ ቃል ተሰጣቸው። እነርሱም ቃሉን አምነው ገቡ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሁለቱም ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቈርጦ በፍቼ ለሕዝብ እንዲታይ ተሰቀለ።

ፍቼ የአባታቸው ከተማ፣ የቅድመ አያታቸው የራስ ዳርጌ መናገሻ ናት። ጠላት ያንን ቦታ የመረጠው ሬሳውን የሚያየው ሰው ማን እንደሆነ አውቆ ነው። ሌላ ሥፍራ ቢሆን ሁለት መሳፍንት ሞቱ ይባላል፤ ፍቼ ላይ ግን ቤት ፈረሰ ይባላል። ይህን የመሰለውን አሠራር ግራዚያኒ በሚቀጥለው ግንቦት በዚያው በሰላሌ፣ በደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳት ላይ እጅግ አብዝቶ ፈጽሞታል።

ቤቱ ግን ጠላት እንዳሰበው ወዲያው አልፈረሰም። የአበራ ሚስት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም የባሏን ጦር ሰብስባ በአርበኝነት ተሰማራች። በዚያን ጊዜ ከወለደች ብዙ እንዳልቆየች፣ ሕፃኑንም ይዛ በዱር ትዋጋ እንደ ነበር ይነገራል። ከላይ የመኳንንት ጦር ጌታው ሲሞት ይበተናል ብለን ነበር። የከበደች ነገር ይህን ደንብ የሚያፈርስ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀረብ ብለን ስናየው ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ወታደሩ የተከተላት ጌትነቱ ከቤቱ ስላልወጣ ነው። ስለ ሴቶች አርበኞች የሚጽፉ ተማሪዎች ጀግንነቷን ብቻ እየነገሩ የሚያልፉት ይህን ነጥብ ነው፤ ቢጨምሩበት ደስ ይለናል።

ራስ ካሣ ይህን ወሬ የሰሙት በስደት ነው። የስደቱን ዘመን በእንግሊዝ አገርና በኢየሩሳሌም አሳለፉ። ስለ ኢየሩሳሌም ኑሯቸው ልናስረዳ የምንችለው ጥቂት ነው፤ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ገዳም በነበራት በዚያች ከተማ ስደተኞች ተሰብስበው ይኖሩ ነበር፤ ለጸሎት የሚያደላ ሰው ለሐዘኑ ከዚያ የሚሻል ቦታ ማግኘቱ ያጠራጥራል። ከአራቱ ወንዶች ልጆች ያን ጊዜ የቀረላቸው ታናሹ አሥራተ ብቻ ነበር።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ወደ ኢትዮጵያ ሲገቡ ራስ ካሣ ከጎናቸው ነበሩ። ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። እዚያም ራስ ኃይሉ ለንጉሠ ነገሥቱ ሊሰግዱ ቀረቡ። ሁለቱ ራሶች በዚያን ቀን በአንድ ከተማ ነበሩ ማለት ነው፤ አንዱ የልጆቹን ደም የሚጠይቅ፣ ሁለተኛው ቃል የሰጠ። ራስ ኃይሉ አልተገደሉም፤ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው እስከ ሞቱ ድረስ በቍም እስር ኖሩ።

ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስና በኢጣሊያኖች ላይ በቀል እንዳይፈጸም አዘዙ። ይህ ትእዛዝ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ በሰፊው የተመሰገነ ነው። እኛም እናመሰግነዋለን። ሆኖም አዋጅን የሚያወጅ አንድ ሰው ሲሆን የሚሸከሙት ብዙዎች መሆናቸውን መርሳት አይገባም። ከተሸካሚዎቹ አንዱ በንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ የቆሙት ሽማግሌ ነበሩ። ጥቂት ሳይቆይም ፈተናው በእጃቸው ገባ። ከደብረ ማርቆስ የሸሸው የኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር ዓባይን ተሻግሮ በሰላሌ በስተሰሜን ባለው አገር በኩል ወደ ወሎ ለማምለጥ ይጓዝ ነበር። ራስ ካሣ የሰላሌን አርበኞች ይዘው ከእንግሊዛዊው ከዊንጌት ጋር ተከታተሉት። በግንቦት 1933 ዓ.ም. አጋማሽ አጊባር ላይ በሺህ የሚቈጠረው ጦር እጁን ሰጠ። በፍቼ የተሰጠው ዓይነት ቃል አሁን በተቃራኒው ለኢጣሊያኖች ተሰጠ፤ ይህኛው ቃል ተጠበቀ። እጃቸውን የሰጡት ምርኮኞች ሆኑ እንጂ ሬሳ አልሆኑም።

እኛ የራስ ካሣን የጦር ሰውነት ለመመዘን የምንፈልግ ሁሉ ከተምቤን ይልቅ አጊባርን መመልከት ይገባናል ብለን እናምናለን። በተምቤን የተሸነፉት በመርዝና በአውሮፕላን ነው፤ በዚያ ሜዳ ማንም የኢትዮጵያ አዛዥ ቢሆን ከዚህ የተሻለ ብዙ ሊያደርግ አይችልም ነበር። በአጊባር ግን ሥልጣኑ በእጃቸው ነበር፤ የተከተሏቸውም ሰዎች በፍቼ አደባባይ የተሰቀለውን ያዩ ሰዎች ናቸው። የአርበኛው እጅ የተያዘው በእንግሊዞች ፍራቻ ብቻ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። የሰላሌ ሰው ግን ከእንግሊዝ መኮንን ይልቅ የጌታውን ፊት ያይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ አምስት ዓመታት ለጦር ታሪክ ብዙ የሚሰጡት የለም። ራስ ካሣ ከዘውዱ አማካሪዎች ዋነኛው ሆነው ኖሩ። የቤተ ክርስቲያናችን ራስን መቻል በተጠየቀበትና አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ በሆኑበት ዘመን፣ የቤተ ክህነትን ነገር ከሚያውቁት መኳንንት በግንባር ቀደም የሚቆጠሩ ነበሩ። ራስ ሥዩምም ከጠላት ጋር ኖረው ነበርና ኋላ ይቅርታ አግኝተው ወደ ትግሬ ግዛታቸው ተመለሱ፤ ሁለቱ አማቾች የልጅ ልጆቻቸውን እያዩ አረጁ። ልዑል ራስ ካሣ ኅዳር 7 ቀን 1949 ዓ.ም. በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ራስ ሥዩም ከአራት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ ከሌሎች መኳንንት ጋር በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተገደሉ። ያንን ሙከራ ለማክሸፍ ታማኞቹን ካስተባበሩት ሰዎች አንዱ አሥራተ ካሣ ነበሩ። አሥራተ ኋላ ራስ ተባሉ፤ ከ1957 እስከ 1963 ዓ.ም. ኤርትራን ገዙ፤ በመጨረሻም አባታቸው በአማካሪነት ያገለገሉትን የዘውድ ምክር ቤት መሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ስልሳ ያህል ባለ ሥልጣኖች አንዱ ሆኑ። በዚህም ከራስ ካሣ አራት ወንዶች ልጆች አንዱም እንኳ በአልጋው ላይ አልሞተም። የራስ አሥራተ ልጅ አስፋ ወሰን አሥራተ በጀርመን አገር የሚኖር የታሪክ ጸሐፊ ሆኖ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሕይወት ታሪክ በጀርመንኛ ጽፏል። ስሙ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ከተገደሉት አጎቱ ስም ጋር አንድ ነው።